የአዳዳ ድምፅ ያለበት ኮምፒውተር

«ድምፅ የእግዚአብሔር ነው፤ የአክስትሽ አይደለም» አለኝ የኳየራችን መሪ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ የፕሮጀክተሩን ገመድ በክርኑና በመዳፉ መሃል እየጠቀለለ።

ገመድ እየጠቀለለ ነው እንዲህ ያለኝ። አስቀምጦት ቢናገር ምን ነበረበት? አዳራሹ ገና ባዶ አልሆነም። ወንበር የሚያነሳው ያነሳል፣ ለመዝሙሩ ምረቃ የተሠራው ወጥ ከጓሮ ይሸታል፣ አክስቴ ደግሞ ከፊተኛው ረድፍ አልተነሳችም። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ታሻሸዋለች። በአጠገቧ የሚያልፈው ሁሉ ትከሻዋን ነካ እያደረገ ነው የሚያልፈው፤ ለቅሶ የመጣ ይመስል።

እኔ ለቅሶ አልመጣሁም። የሞተ ሰው የለም፤ የጠፋ ነገር ነው ያለው። የጠፋ ደግሞ ይፈለጋል።

«እሱ ጋ ካለማ ጠይቅልና» አልኩት። «የትኛው ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ይንገርህ።»

«አንቺ አፍሽ! አንድ ቀን ይሄ አፍሽ...» አልጨረሰውም። ገመዱን ግን ጨረሰ።

አክስቴ የምላት የአባቴን እህት ነው። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ናት፤ አማርኛ እያወራሁም ቢሆን ሌላ ስም አልጠራትም። አምቦ ውስጥ የኛን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሰው አዳዳን ያውቃታል። መብራት በዚያን ጊዜ ለመጥፋት እሑድን ይመርጥ ነበር። ማይኩ ሲሞት፣ ኪቦርዱ ሲሞት፣ እኛ ኳየሮቹ እርስ በርስ እየተያየን አንድ በአንድ ድምፃችንን እንውጣለን። እሷ ግን መብራት መጥፋቱን የሰማች አትመስልም። ትቀጥላለች። ከአስፋልቱ ማዶ ሻይ ቤት የተቀመጡት፣ ሃይማኖታቸው ሌላ የሆኑት ሰዎች እንኳ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ይሰሟት ነበር። እኔ አልቶ ነኝ፣ ወፈር ያለውን የሴቶች ድምፅ ከሚይዙት፤ አልቶ የሆንኩት ረድፍ እንዲሞላ ነው። የምዘምረው እሷን ከቅርብ ለመስማት ነበር ብል አልዋሸሁም።

አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። በኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግን አደገ። ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አዲስ አበባ ሄደች፣ ሐኪሙ መውጣት አለበት አላት። አያይዞም ድምፅሽ ሊለወጥ ይችላል፣ ጨርሶ ሊሄድም ይችላል አላት። ተመልሳ ከአውቶቡስ ስትወርድ መናኸሪያ ጠብቄያት ነበር። ስለ ቢላውም፣ ስለ ሞትም አልነገረችኝም።

«ከመቆረጤ በፊት ልቀዳ» ነው ያለችኝ።

በከተማው ስቱዲዮ የሚባል አንድ ክፍል ነበር፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ። ባለቤቱ ኪቦርድ የሚጫወት ጎረምሳ ነው፤ ራሱን አሬንጀር፣ ሙዚቃ አቀናባሪ፣ ይላል። ኮምፒውተሩ የጎን ክዳን የለውም። ሆዱ ተከፍቶ፣ ሽቦው ተንጠልጥሎ፣ ፊት ለፊቱ የጠረጴዛ ማራገቢያ ተደቅኖበት ነው የሚሠራው። ለመቅዳት ሲሉ ማራገቢያው ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ይግላል፣ ሰውየው «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ሳይፈነዳ» ይላል። አዳዳ መጀመሪያ ብቻዋን ገብታ ዘመረች። ቀጥሎ እኛ ኳየሮቹ ገባን። በመጨረሻ እሱ ኪቦርዱን ጨመረበት።

ሲያልቅ «ፍላሽ አምጡና ልስጣችሁ» አለ። ፍላሽ ከኳየሩ ውስጥ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈት ሥራ ቤት ነበር የምሠራው፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ያን ጊዜ ፍላሽ በክር አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ያለው ሰው ያለው መሆኑ እንዲታይለት። ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ፣ ዴስክቶፕ በሚሉት ፊተኛው ገጽ ላይ፣ የኳየራችን ስም የተጻፈባት ትንሽ ሥዕል ነበረች። እሷን ይዞ ፍላሼ ላይ ጣላት። ዓይን ሳይርገበገብ አለቀ።

«በቃ?» አልኩት።

«በቃ። አልበሙ እጅሽ ላይ ነው፣ ቆንጆ።»

የኔ ሥራ መተየብ ነው። የተማሪ ጽሑፍም እንዲሁ በዓይን ጥቅሻ ነው የሚገለበጠው። አመንኩት።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፍላሹን ተቀበሉኝ። መሪው አስቀድሞ ሥርዓት አውጥቶለት ነበር፤ መዝሙሩ በጉባኤ ፊት ተጸልዮበት ይከፈታል እንጂ እስከዚያ ማንም አይነካውም። እንደ ሙሽራ። የኔ ፍላሽ በነጭ ፖስታ ታሸገ፣ እጅ ተጫነበት፣ ተጸለየበት፣ ቢሮ ተቆለፈበት። አንድ ጊዜ ከፍተን እንየው እስቲ ብዬ ነበር፤ ጉዳዩ ስለ ገባኝ አይደለም፣ ስለማያስችለኝ ነው። «እምነት የለሽም እንዴ?» አለኝ። ይቺን ጥያቄ የፈለሰፋት ሰው አንድ ቀን ባገኘው። ስንት ነገር በሷ ተከድኖ ቀረ።

አዳዳ ተቆርጣ ተመለሰች። አንገቷ ላይ ቀጭን መስመር፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ደግሞ ምንም። ስታወራ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማው ነው የሚሰማው። ዶሮዎቿ እንኳ ሽ ስትላቸው አይሸሹም። ጎረቤት ስትጠራ አጥሩን በዱላ ትመታለች። አንድም ቀን ስታማርር አላየኋትም። «ተቀድቻለሁ» ትላለች በሹክሹክታ፤ ሌላው ቀርቶ ለማታውቀው ሰው። «ተቀድቻለሁ እኮ።»

ከዚያ ምረቃው ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ከጉደር የመጣ አለ፣ ከባኮ የመጣ አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ፕሮጀክተርና ላፕቶፕ አዋሰን። ፖስታው ተቀደደ፣ ፍላሹ ተሰካ፣ የኳየራችን ስም ያለባት ሥዕል ግድግዳው ላይ በሬ አክላ ወጣች። ተጨበጨበ። መሪው ሁለቴ ተጫናት።

ግድግዳው ላይ አንዲት የእጅ ባትሪ ወጣች። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ናት፤ ብርሃኗን ወደ ቀኝ ትወስዳለች፣ ወደ ግራ ትመልሳለች፣ ጨለማ ቤት መርፌ እንደሚፈልግ ሰው።

«ምንድነው?» አሉ መጋቢው።

«እየፈለገ ነው» አለ መሪው።

«እየፈለገ ከሆነ በጸሎት እናግዘው!»

ጉባኤው ተነሣ። እጅ ተዘረጋ። ያ ሁሉ ሰው፣ አባወራው፣ እማወራው፣ ነርሱ፣ አስተማሪው፣ ወደ አንዲት የእጅ ባትሪ ሥዕል እጁን ዘርግቶ ጸለየ። እኔም ዘርግቻለሁ። ባትሪዋ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ ቆመች። ፋይሉ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። መሪው ደግሞ ተጫነ፣ ባትሪዋ ደግማ ፈለገች፣ እኛም ደግመን ጸለይን።

የላፕቶፑ ባለቤት መምህር መጨረሻ ላይ አላስቻለውም፤ ወደ ፊት ሄዶ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ይሄ ፋይሉ አይደለም። አቋራጭ ነው። የታች ጥጉ ላይ ይቺን ቀስት አያችኋት? ፋይሉ ያለበትን ቦታ የምትጠቁም ናት እንጂ ራሱ አይደለችም። አድራሻውን ይዛችሁ መጣችሁ፣ ቤቱ እዚያው ቀረ። መዝሙሩ የተቀዳበት ኮምፒውተር ውስጥ መፈለግ ነው።»

አዳዳ እጄን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«የት ሄደ?» አለችኝ።

ለዚህ ነው መሪውን ገመድ ሲጠቀልል ያፋጠጥኩት፤ ኮምፒውተሩን እንፈልገው ብዬ። እሱ ግን ቀድሞ ጨርሶታል። ከባኮ የመጣች ድምፀ መልካም ዘማሪ አለች፤ እሷ ሶሎውን፣ አዳዳ ብቻዋን የዘመረችውን፣ ወስዳ ሁሉንም እንደ አዲስ እንቀዳለን አለ። አዳዳስ ስለው ነው ድምፅ የእግዚአብሔር ነው ያለኝ።

የስቱዲዮውን ሰውዬ ለማግኘት ሰነበትኩ። የእንቁላል ካርቶኑ ተገንጥሎ ክፍሉ የእህል መጋዘን ሆኗል። ራሱን ያገኘሁት መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ በአንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሞባይል ቀፎ ደርድሮ ስልክ ይጠግናል። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«እንዴት ነሽ ቆንጆ?»

«ቆንጆ አይደለሁም። አልበማችን የታለ?»

«ሰጥቻችኋለሁ እኮ! በራስሽ ፍላሽ ነው የሰጠሁት።»

«የሰጠኸን ቀስት ነው።»

«የምን ቀስት?»

አስረዳሁት። መምህሩ እንዳስረዳን፣ አድራሻና ቤት እያልኩ። አንድ ቀፎ በብሩሽ እየጠረገ ሰማኝ፤ ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ያለውን ነው የሰጠሁት። እሷን ስጫናት ይከፈት ነበር።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ሸጥኩታ። ጉደር፣ ኮምፒውተር ማሰልጠኛ ያላት ቲቸር ገዛችኝ። ግን አትልፊ። አጥፍቼው ነው የሸጥኩት። ዴስክቶፑን ጠርጌ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር ባዶ አድርጌ። ንጹሕ።»

«የሰው ድምፅ ነው እኮ ያጠፋኸው። ሴትዮዋ አሁን መናገር አትችልም።»

«ውይ» አለ። «እግዜር ያጽናት።» ከዚያ ከኋላዬ ለቆመው ሰው «አንተስ ምን ሆኖብህ ነው?» አለው።

የመስታወት ሳጥኑን አየሁት፤ ብሰብረው ምን እንደምሆን እያሰብኩ። አልሰበርኩትም። እስከ ዛሬ ግን አንዳንዴ ትዝ ሲለኝ እጄን ያሳክከኛል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጉደር ወረድኩ። ንጹሕ ነው ተብያለሁ፤ ቢሆንም ንጹሑን ልየው። ማሰልጠኛው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቤት ነው። ባለቤቷ ሰፋ ያለች፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ሁሉም ቲቸር ነው የሚላት።

«አካም ቡልታን» አልኳት፤ እንዴት አደሩ መሆኑ ነው።

«ናጋ። ምዝገባ ነው? ሰኞ ነው የምንጀምረው።»

«ምዝገባ አይደለም። ከአምቦ የገዙት ኮምፒውተር ነበር፣ ጎኑ ክዳን የሌለው።»

«እሱን? ብትወስጂልኝ ደስታዬ ነው» ብላ ሳቀች። ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩት ማሽኖች ስክሪናቸው ሰማያዊ ሆኖ የሆነ ነገር ይቆጥራሉ። ቴክኒሻን አስመጥታለች። ተማሪ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም ፎርማት ያደርጋል፤ ማለትም ውስጣቸው ያለውን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ ዊንዶውን እንደ አዲስ ይጭናል። በኛ አገር ኮምፒውተር ሲያስነጥስም ሲያስለውም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት ይደረግ። የኛው፣ ሆዱ የተከፈተው፣ መስኮቱ ሥር መጨረሻ ላይ ነበር። አልደረሰበትም። ቴክኒሻኑ ምሳ ወጥቷል።

«እስኪመለስ ልየው?»

«እስኪመለስ እዪው። ከተመለሰ ግን አላስቆመውም፤ ነገ ባኮ ይሄዳል፣ ሰኞ ተማሪዎቼ ይገባሉ።»

ተቀመጥኩ። ዴስክቶፑ እውነትም ባዶ ነው። ሰነድ ማስቀመጫውን ከፈትኩ፤ የተማሪ መለማመጃ ብቻ፣ የራሱን ስም ገጽ ሙሉ የደጋገመ ሁሉ። መፈለጊያውን ከፈትኩ። ያን ጊዜ መፈለጊያው ላይ አንድ ቢጫ ውሻ ነበር፣ ጭራውን እየቆላ ምን ልፈልግልሽ የሚል። የድምፅ ፋይል አልኩት። መሬት ጫረ፣ አሸተተ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሰማትን ድምፅ አምጥቶ ደረደረልኝ። የኳየሩን ስም ጻፍኩለት። ጫረ። የለም አለኝ፣ ጭራውን እየቆላ።

«አንተ የውሻ ልጅ!»

ቲቸሯ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። «ውሻውን ምን አድርግ ነው የምትዪው?»

«አይፈልግም! ቆሞ ይቆላል!»

«እሱ ሁልጊዜ እንዲያ ነው» አለች።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ከምረቃው በኋላ የተመለሰልኝን ፍላሽ ከአንገቴ አወጣሁ። ዕቅድ ኖሮኝ አይደለም፤ ንዴት ነው። ያቺን ባለ ቀስት ሥዕል፣ በጉባኤ ፊት ያዋረደችንን፣ እዚሁ ራሱ ማሽን ላይ አምጥቼ ባዶ መሆኗን ልይና ልገላገል። ሰካሁት። ሁለቴ ተጫንኳት። ባትሪዋን ጠበቅኩ።

ባትሪዋ አልመጣችም።

ስክሪኑ ጠቆረ፣ የማላውቀው ፕሮግራም እየተዘረጋ መጣ፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ረድፍ፣ በየረድፉ ውስጥ የሚሾሉና የሚወርዱ መስመሮች። ስቱዲዮ ውስጥ የሰውየው ስክሪን ላይ ያየሁት ያው ነው። ተነሥቼ ቆምኩ። ያ ደንቆሮ ሲሰጠንም ሥዕሏን ሰጠን፣ ሲያጠፋም ሥዕሏን አጠፋ! ከሥር ያለውን በሁለቱም ጊዜ አልነካውም። አልበሙ ይህን ያህል ጊዜ እዚሁ ተኝቶ፣ የጉደር ተማሪ በላዩ ላይ ስሙን ሲተይብበት ከርሟል። ልሳቅ ወይስ ልጩህ? ጮህኩ።

ቲቸሯ ራሷ ድምፅ ማጉያውን ከጠረጴዛዋ ነቅላ አመጣችልኝ። የላይኛውን ረድፍ ብቻ ለይታ ከፈተችው።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ከዚያ «ቢሻን» አለች አዳዳ፤ ውሃ ስጡኝ ማለቷ ነው። ብርጭቆ ሲቀመጥ ተሰማ። «ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ» አለች፣ በዚያ በድሮው፣ በሙሉው ድምፅ። ከዚያ ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ኳየር፣ መብራት እንደጠፋበት እሑድ፣ ጀመረች።

ቲቸሯ መነጽሯን አወለቀች። «ኩን ኤኙ?» አለችኝ። ማናት?

«አዳዳ ኮ» አልኳት። አክስቴ ናት።

በሯ ላይ ሁለት መንገደኞች ቆመው ነበር። ማን ጠራቸው?

ለመስማት ጊዜ የለም፤ መውሰድ ነው ያለብኝ። ሥዕሏን አይደለም፣ ቤቱን። ቲቸሯ በቀኝ ጠቅታ የሥዕሏን ጠባይ የሚያሳየውን ከፍታ፣ የምትጠቁመውን ቦታ አግኚ የሚለውን ተጫነችልኝ። ፕሮግራሞቹ የሚቀመጡበት ውስጥ ገባ፤ አትንኩ የሚል ሰማያዊ ገጽ መጣብን፣ አልፈነው ገባን። ከውስጡ ሌላ ፎልደር፣ ከውስጡ ሌላ። የኳየሩ ስም ያለበት አንድ ትንሽ ፋይል ብቻ ነው፤ ድምፆቹ ሁሉ ስማቸው ቁጥር ነው። ውሻው እዚህ አትንኩ የተባለ ቦታ አልገባም፤ በምን ያግኘው? አንድ በአንድ እየከፈትን ሰማን። ይሄ ኪቦርድ ነው። ይሄ ወንዶቹ ናቸው። ይሄ እኔ ያለሁበት ነው። ይቺ እሷ ናት።

ሁሉንም መርጬ ወደ ፍላሼ ላክሁ። ቦታ አይበቃም አለኝ። ፍላሼ ላይ የነበረኝን ሁሉ አጠፋሁ፤ የተማሪዎቹን ጽሑፍ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የተነሳሁትን ፎቶ። አይበቃም። ሌሎቹ ማሽኖች፣ የቲቸሯም ጭምር፣ ገና ሰማያዊ ናቸው፤ ምንም አይቀበሉም። ቴክኒሻኑ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ገባ።

«ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ?»

«ትንሽ ጠብቅ» አልኩት። «አምቦ ሄጄ ሌላ ፍላሽ ይዤ ልምጣ።»

«ስትመለሺ እኔ መኪና ላይ ነኝ፣ እህት።»

«የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው ያለበት!»

«ሁሉም ማሽን ላይ መዝሙር አለ። ሁሉም ሰው ፎርማት ሲባል ነው መዝሙሩ ትዝ የሚለው።»

ቲቸሯን አየኋት። «ያየሁትን አይቻለሁ» አለች፣ «ግን ማሽኑ ለሰኞ ያስፈልገኛል። የሚበቃልሽን ውሰጂ።»

የሚበቃኝን። ኪቦርዱን ተውኩ። ወንዶቹን ተውኩ። እኛን ሴቶቹን፣ አልቶዋን፣ ራሴን ተውኩ። አዳዳን ብቻ፣ ከሳሏና ከውሃዋ ጋር፣ ወሰድኩ። ሲገለበጥ በጥቅሻ አላለቀም። ቴክኒሻኑ ከራሴ በላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ፣ አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች። ስትሞላ አንድ በአንድ ከፍላሹ ላይ ከፈትኳቸው። ተነሣሁለት። ሲዲውን አስገባ።

ያን ዕለት ከሰዓት የኳየር ልምምድ ነበር፤ ከጉደር በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የምሠራበት የጽሕፈት ሥራ ቤት ኮምፒውተር ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ማጉያ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ብቻ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አዳዳን አምጥቼ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬ እንድትሰማው።

መሪው ቢሮ ውስጥ አገኘሁት። «ተገኘ» አልኩት። ፍላሹን ሰክቼ ከፈትኩለት። አንዱን መዝሙር እስከ መጨረሻው ሰማ። ዓይኑ እርጥብ እንደነበር አልክድም፤ ያ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

«ኳየሩስ?» አለኝ።

«ፍላሹ አልበቃም።»

«ኪቦርዱስ?»

«እሱም።»

«ስለዚህ አክስትሽን ብቻ ይዘሽ መጣሽ።»

«አዎ፣ አክስቴን ብቻ። የናንተ ድምፅ ጉሮሯችሁ ውስጥ አለ፤ ነገም ትዘምራላችሁ።»

ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «መልካም ነው። ለባኮዋ እህታችን መለማመጃ ይሆናታል፤ አንዳንድ ቦታ ዜማው እየጠፋባት ነበር። ሰምታ ትያዘውና ከዚያ እናጠፋዋለን።»

«እናጠፋዋለን?»

«ረጋ በይ፣ እህቴ። አዲሱ ሲወጣ ሰው አሮጌውን እየሰማ ሊያወዳድር ነው። ለልጅቷ ፈተና ነው፣ ለአክስትሽም ፈተና ነው። የሄደን ነገር እያዳመጡ መኖር ለነፍስ ምን ይጠቅማል?»

«እሷን ጠይቃት፣ ምን እንደሚጠቅም።»

«ሽማግሌዎቹ ተነጋግረንበታል። እዚህ ዴስክቶፑ ላይ አድርጊልኝ፤ ከፍላሽሽ ላይ አጥፊው። እናንተ ቤት በየሞባይሉ እየዞረ ሌላ ወሬ እንዳይፈጠር።»

ከአዳራሹ የባኮዋ ዘማሪ ትሰማለች፤ የአዳዳን የመጀመሪያ መዝሙር እየተለማመደች ነው። መሪው እጁን አጣምሮ ከጎኔ ቆሞ ስክሪኑን ያያል።

ፍላሼ ውስጥ የአዳዳ ድምፆች ያሉበትን ፎልደር በቀኝ ጠቅታ ተጫንኩ። ከተዘረዘረው ውስጥ ወደ ዴስክቶፕ አቋራጭ ላክ የሚለውን መረጥኩ። ከጸሎት ፕሮግራሙና ከአሥራት መዝገቡ መሃል አንዲት አዲስ ሥዕል ብቅ አለች፤ የታች ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት አለች።

ጎንበስ ብሎ አያት። በጣቱ ስክሪኑን ነካ።

«ይኸው፣ አለ» አለ። «አየሽ? ተረጋግተን ስንነጋገር ነገር እንዴት ያምራል። ጌታ ይባርክሽ።»

ፍላሹን ነቅዬ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ። በአዳራሹ በር በኩል አለፍኩ፤ አልቶዎቹ ቦታዬን ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር፤ አንዷ በእጇ ነይ አለችኝ። የግቢውን በር ከፍቼ ወጣሁና ወደ አዳዳ ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፍኩ።